መምህር ምብራቕና ቀዩ ወረቀት

ከኤርትራ ጋር ስልክ በተከፈተ ሰሞን ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አሥመራ ደውሎ የማያለቅስ አልነበረም። እኔም የጎረቤቴን የኣልጋነሽን የቤት ስልክ ያን ሁሉ ዘመን በቃሌ ይዤው ኖሬያለሁና፣ ይሠራል ብዬ ሳይሆን እንዲያው ይውጣልኝ ብዬ መታሁት። ጠራ። ብሎም ተነሣ።

“መን እዩ?”

“እኔ ነኝ፣ ሰብለ። ጥራቮሎ ሰፈር ሻሂ ቤት የነበረኝ።”

“ዋእ! ኣቲ ሰብለ! አለሽ?”

አለሁ አልኳት። ተላቀስን፣ ተሳሳቅን። የልጆቿን ስም እየጠራሁ ጠየቅኩ፣ እሷም የእኔን ጠየቀች። ወሬው ሲሟሟቅ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ “መምህር ምብራቕስ እንዴት ናቸው?” አልኩ።



“አልሰማሽም እንዴ?” አለች ኣልጋነሽ።

“በምን በኩል እሰማለሁ?”

“አርፈዋል እኮ። በጦርነቱ አንቺ ከአሥመራ በወጣሽ በዓመቱ። የገነዝኳቸውም እኔ ነኝ።”

ያለሁበት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። በዓመቱ! እኔ እዚህ ለጎረቤቶቼ፣ “አሥመራ አንዲት መምህር አሉ፣ እንዲህ ይላሉ፣ እንዲህ ያደርጋሉ” እያልኩ ሳወራ፣ ስንቱን ነገር “ይህንንስ ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ” እያልኩ ሳስቀምጥ፣ ለካ ሴትዮዋ አፈር ከለበሱ ዘመን አልፏል። የሞት መርዶ አስደንጋጭ ነው፤ ያረጀ መርዶ ግን የባሰ ነው። ሰውንም፣ ያሳለፍከውንም ጊዜ አንድ ላይ ነው የሚነጥቅህ።

ከመርዶው እኩል ያስደነገጠኝ ደግሞ የገነዘቻቸው ኣልጋነሽ መሆኗ ነው። ኣልጋነሽ! ያ ለምን እንዳስደነገጠኝ እንዲገባችሁ፣ መምህር ምብራቕ ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ።

አባቴ ጎንደሬ፣ እናቴ የአሥመራ ልጅ ነች። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የቀረውን የተማርኩት ከሻሂ ቤቴ ደንበኞች ወሬና ባኒ ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ባኒ ማለት ያ ክብ ዳቦ ነው፤ አሥመራ ያለሱ አይነጋላትም። አንድ ጠዋት አጭር፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ የወንድ ጫማ ያደረጉ አሮጊት መጡና ባኒ ገዙ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ፈተው ጋዜጣውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን አንብበሽዋል?”

“አላነበብኩትም።”

ባኒውን አውጥተው ጋዜጣውን መለሱልኝ። “ያነበብሽውን ብቻ ጠቅልዪበት። ያላነበብሽውን ነገር ለሰው አትስጪ።”

ደንግጬ ቆምኩ። ባኒያቸውን በነጸላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። መምህር ምብራቕ እኚህ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጣታቸው ግን የኖራ ጠመኔ ዱቄት አይለየውም። ሰው ማስደንገጥ እንደ ሌላው ሰው ጤና ይስጥልኝ ማለት ነበር ለእሳቸው። የማይረባ ነገር ከሰሙ አይከራከሩም፤ በጥፍራቸው የፊት ጥርሳቸውን ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋሉ። ሰፈሩ “የመምህር ጥርስ ተናገረ” ይል ነበር። የመምህር ጥርስ ከተናገረ፣ ሚኒስትርም ቢሆን ንግግሩን ያሳጥራል።

ነጻነት በመጣ ማግስት ከተማው እንደ ሠርግ ቤት ነበር። ታጋዮች ከሜዳ፣ ከበረሃው ትግል፣ ገብተዋል፤ ጸጉራቸው ጎፈሬ፣ እግራቸው በኮንጎ ጫማ። ሻሂ ቤቴ ሞልቶ ሰው ቆሞ ይጠጣል። አንዱ ጎልማሳ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ “እነሆ ነጻ አገር ሆንን!” አለ። እልል ተባለ። መምህር ምብራቕ ጥግ ተቀምጠው ሻሂያቸውን እያማሰሉ ነበር።

“ገና ነው” አሉ።

እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። እኔ ስቀዳ የነበረው ሻሂ እጄ ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ሰሞን የሚናገር ሰው፣ ወይ እብድ ነው ወይ ጠላት ነው።

“መምህር፣ ምን ማለትዎ ነው?” አለ አንድ ታጋይ። ልጅ እግር ነው፤ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፏል።

“አንተ ወዲ፣ እግርህን ሰጥተህ ምድሩን አስለቅቀሃል። እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን ሕዝቡ ገና አልተጠየቀም። ጣሊያን ሲገባ አልጠየቀንም። እንግሊዝ አልጠየቀንም። ከጦርነቱ በኋላ ኃያላኑ ሩቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ‘ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ይታሰሩ’ ሲሉም ስለ እኛ ተጠያየቁ እንጂ እኛን በየራሳችን አልጠየቁንም። ፌዴሬሽኑም ሲፈርስ ያው። የዓለም ሕግ፣ ቅኝ የተገዛ ሕዝብ ዕድሉን በራሱ ይወስን ይላል። ይወስን ማለት ይጠየቅ ማለት ነው። አንድ በአንድ። አሁን እኔን ማን ጠየቀኝ? አንተን ማን ጠየቀህ?”

ልጁ አሰበና ሳቀ። “እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ራሴ ነኝ የሄድኩት።”

“ደግ፤ ገና ትጠየቃለህ” አሉት፤ የሻሂውንም ሒሳብ ከፈሉለት።

ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ ተነገረ። ሪፈረንደም የሚለው ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ የአሥመራ ሕፃናት መጫወቻ ሆነ። የእኛ ሰፈር የምርጫ ጣቢያ ትምህርት ቤቱ ሆነ፤ ኃላፊም ይመረጥ ሲባል፣ መምህር ምብራቕ ይሁኑ ተባለ። ያን ቀን የሆኑትን ባያችሁ! ጥርሳቸውን እንኳ አልነኩም። እንደ ልጃገረድ ዓይናቸውን መሬት ተክለው፣ “የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብቻ አሉ።

በየሳምንቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያስተምሩን ጀመር። ሽማግሌው፣ ነጋዴው፣ የቤት እመቤቷ፣ ሁሉ ለልጅ የተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። እኔ ወረቀት አዳይ ነበርኩ። ኣልጋነሽ ከፊት ነበር የምትቀመጠው። ድምፀ ጎርናና፣ ደግ፣ ቁጡ ሴት ነች። የበኩር ልጇ ሜዳ ወጥቶ አልተመለሰም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ኣቦይ ወልዱ ይቀመጣሉ። ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ጥርስ የላቸውም፣ ቤተሰብም የላቸውም። በወጣትነታቸው፣ በእንግሊዝ ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ ጋር አንድነት ይሁን ከሚሉት ወገን እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መምህር ምብራቕ ከእሳቸው ጋር ሰላም አይባባሉም ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዳቸው አስፋልቱን ይሻገራሉ። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት አንድ ቀን ትምህርቱ መሀል ነው።

አንዲት ሴት፣ “መምህር፣ ድምፅ ለምን በመጋረጃ ይሆናል? እኛ የምንደብቀው ነገር የለንም” አለች። ሰው አጨበጨበላት።

መምህር ምብራቕ ጠመኔውን አስቀመጡ።

“እኔ ልጅ ሳለሁ እኛም አገር ፈረንጆች መጥተው ነበር፤ የሕዝቡን ፍላጎት ለማወቅ። ሰውን ሜዳ ላይ ሰበሰቡት። አንድነት የምትሉ በዚህ፣ ነጻነት የምትሉ በዚያ ቁሙ ተባለ። መጋረጃ የለ፣ ወረቀት የለ። አባቴ ጥቂት ሰዎች ወዳሉበት፣ ወደ ነጻነቱ ሄደው ቆሙ። ሁሉም አየ። ፈረንጆቹ ጽፈው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ቤታችን ተቃጠለ። እኛ በጓሮ ወጣን፣ በሬዎቹ ቀሩ።”

ጣታቸው ላይ ያለውን ጠመኔ በነጸላቸው ጠረጉ።

“አባቴ አልሞቱም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ‘ሕራይ’ ብቻ የሚሉ ሰው ሆኑ። እሺ ብቻ። ይብሉ ስንላቸው ሕራይ። ይተኙ ስንላቸው ሕራይ። ሰው ሲሰድባቸው፣ ሕራይ። እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ ሲሉ አልሰማሁም። ለዚህ ነው መጋረጃው። እንቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው እሺታ አይደለም። ዓለምም አይቆጥርለትም፣ እሱም አይቆጥረውም።”

ይህን ሲሉ ኣቦይ ወልዱ ተነሥተው በቀስታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ቤቱን ካቃጠሉት ሰዎች ጋር እንደነበሩ፣ ከመምህር ጋርም የአንድ አገር ልጆች እንደሆኑ ሰዎች በጆሮዬ የነገሩኝ። መምህር ራሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም።

የምርጫው ቀን ሲቃረብ ልምምድ እናድርግ ተባለ። የፓስታ ካርቶን ላይ ቀዳዳ አበጀን፤ መጋረጃ የእኔን የአልጋ ልብስ ሰቀልን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ወረቀት ሰጠሁ፦ ሰማያዊው “እወ”፣ አዎ ማለት ነው፤ ቀዩ “ኣይፋልን”፣ አይሆንም ማለት ነው። የፈለጉትን ሳጥኑ ውስጥ ከተው፣ የተረፈውን ከመጋረጃው ኋላ ካለ ቅርጫት መጣል ነው። ቅርጫቱን ልምምዱ እንዳለቀ መምህር ራሳቸው አቃጠሉት። ጥያቄውም የዋናው ቀን ጥያቄ ነው፤ ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊት አገር ትሁን ወይ? እየተሳሳቅን ገባን፣ ወጣን። መምህር ሳጥኑን ከፈቱና እየቆጠሩ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። እንዲህ እያለ ሄደ፣ ሄደ፣ እና ቀይ።

እመኑኝ፣ እባብ የወጣ ነበር የሚመስለው። ከፊት ያሉት ሴቶች ወደኋላ ሸሹ። መምህር ወረቀቷን አንሥተው ለየብቻ አስቀመጧትና፣ “ጽቡቕ። ሳጥኑ ይሠራል” አሉ፤ ፊታቸው በርቶ።

የሚሰማቸው አልነበረም። “ማነው?” የሚለው ቃል ከአዳራሹ ወጥቶ ጥራቮሎን ዞረ። ፍለጋው ረጅም አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት የኣቦይ ወልዱ በር በቀይ ቀለም ተለቅልቆ ተገኘ። ውሃ ስንቀዳ ጀሪካናቸውን ከሰልፉ እያወጡ መጨረሻ ያስቀምጡባቸዋል። ሻሂ ቤቴ ሲገቡ ሰው ብርጭቆውን ሳይጨርስ ይወጣል። ይህን ሲያዩ መግባት ትተው በመስኮት በኩል ቆመው መጠጣት ጀመሩ።

“ይግቡ ኣቦይ ወልዱ፣ ቤቱ የእኔ ነው” እላቸዋለሁ።

“ተዪኝ ጓለይ፣ እዚህ አየሩ ጥሩ ነው።” ከዚያ በድዳቸው ፈገግ ይላሉ። “በሬንም በነጻ ቀቡልኝ። ከጣሊያን ወዲህ ቀለም አይቶ አያውቅም ነበር።”

ቀልዳቸው አላሳቀኝም። 

በሚቀጥለው ስብሰባ ኣልጋነሽ መምህር አፋቸውን ሳይከፍቱ ተነሣች። “መማር ከመቀጠላችን በፊት እንተዋወቅ” አለች። “ንጹሕ ሰው አይፈራም። እያንዳንዳችን ተነሥተን ምን እንዳስገባን እንናገር። እኔ ሰማያዊ! በልጄ አጥንት!”

አጠገቧ ያለችው ተነሣች። “ሰማያዊ! በማርያም!” ቀጣዩ ተነሣ። “ሰማያዊ!” ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ፣ እንደ ማዕበል፣ ወደ ኋላ ወደ በሩ ይሄዳል። ከኋላ ኣቦይ ወልዱ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ተራው ወደ እሳቸው ሲቃረብ ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ እሳቸውን ያይ ነበር። ምን ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ሰማያዊ ቢሉ ውሸታም፣ ዝም ቢሉ ጠላት።

“ይበቃል!” አሉ መምህር። “ቀዩን ያስገባሁት እኔ ነኝ።”

ይህ ውሸት መሆኑን እኔ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ወረቀት ያደልኩት እኔ ነኝ። ለመምህር አልሰጠኋቸውም። ሰብሳቢ በልምምዱ ድምፅ አትሰጥም ብለው ራሳቸው ነበሩ የነገሩኝ። መጋረጃው ውስጥም እግራቸውን አላስገቡም። ቀና ብዬ ሳያቸው፣ እሳቸውም ያዩኝ ነበር። ያ አስተያየት፣ ተማሪ ሲያንሾካሹክ የሚያዩት ዓይነት ነው። አፌን ያዝኩ።

“እርስዎ?” አለች ኣልጋነሽ። ድምፅዋ ያ ጎርናናው አልነበረም፤ የሕፃን ድምፅ ነበር። “ምን ነክቶዎት?”

“አይቻልም እንዴ? ቀዩን ማን ቆርጦ ሰጠሽ? ለጌጥ ነው?”

“መምህር፣ ልጄ ሞቷል። ልጄ የሞተው አንድ ሰው ተነሥቶ ቀይ እንዲያስገባ ነው?”

መምህር ምብራቕ ወደ እሷ ሄዱ፤ ፊት ለፊቷ ቆሙ። ቁመታቸው ትከሻዋ ድረስ ነው።

“እወ” አሉ። “ለዚያ ነው የሞተው።”

  ኣልጋነሽ ነጸላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወጣች። ከኋላዋ ሰው ተከትሎ፣ ተከትሎ፣ አዳራሹ ባዶ ቀረ። ኣቦይ ወልዱም በግርግሩ መሀል ሹልክ ብለው ወጥተው ነበር። ሁለታችን ቀረን። ጥቁር ሰሌዳውን ያጸዱ ጀመር።

“መምህር፣ ለምን ዋሹ?” አልኳቸው።

“ልምምድ አይደል?” አሉ ሳይዞሩ። “ተለማመድኩ።”

ቀልዱን እሳቸውም አልሳቁበትም። ሰሌዳው ላይ ምንም አልነበረም፤ እሳቸው ግን ያጸዳሉ።

ከቀናት በኋላ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰዎች ቤታቸው መጡ። እኔም ሻሂ ይዤ ሄጄ ነበርና ሰማሁ። በአክብሮት ነው የተናገሩት። “መምህር፣ ደክሞዎታል። ሕዝቡም ቅር ብሎታል። የጣቢያውን ኃላፊነት ለሌላ ሰው ብንሰጥ” አሉ። መምህር ለምርጫው ቀን ብለው ያሰፉት ነጭ ቀሚስ ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት ሳጥን ነው፤ በእጃቸው ሊከፍቱት፣ ባዶ መሆኑን ለሰው ሊያሳዩት፣ ሊቆልፉት። አንድ ቃል ቢተነፍሱ፣ “ወረቀቱ የእኔ አይደለም፣ ሰብለን ጠይቁ” ቢሉ፣ በቃ ነበር። ግን ከዚያ ፍለጋው ወደ ማን በር እንደሚመለስ ያውቃሉ።

“ሕራይ” አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ አባታቸው ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ራሳቸውን ሰምተው ይሆናል፤ ወዲያው ቀና ብለው፣ “ግን መጋረጃው ቀጭን ነው። ወፍራም ስቀሉ” ብለው አዘዟቸው።

የምርጫው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ ትምህርት ቤቱን ዞሮ መንገድ ወጥቶ ነበር። ከበሮ፣ እልልታ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል። አልጋ የያዛቸውን በወንበር ተሸክመው ያመጣሉ። ከውጭ የመጡ ታዛቢዎች ኮፍያ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። መምህር ነጩን ቀሚስ ለብሰው መጡና እንደ ማንም ሰልፍ ያዙ። ከፊታቸውና ከኋላቸው ሰው ትንሽ ይርቃል፤ ወረርሽኝ እንዳለበት ሰው። ትንሽ ቆይቶ ኣቦይ ወልዱ መጡ። ሌላ የሚያስጠጋቸው ስላልነበረ በዚያው በክፍት ቦታ፣ ከመምህር ኋላ ገቡ። አልተያዩም። እኔ ከእሳቸው ኋላ ቆምኩ።

ደስታው ልክ አልነበረውም። ደስታም ሰው ያሳስታል። የተረፈው ወረቀት ከመጋረጃው ኋላ ቅርጫት ውስጥ ይጣል ተብሎ የለ? ማን ሊጥል! የመጀመሪያው መራጭ ቀዩን ይዞ ወጣና ለሰው ሁሉ እያሳየ ቀደደው፤ በእግሩ ረገጠው። እልል ተባለ። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ እንዲያው አደረገ። ሕጉን ለመጣስ አይደለም፤ ሠርግ ላይ ሚዜው የጨፈረውን ሁሉም እንደሚጨፍር ነው። በሩ ደጃፍ መሬቱ በቀይ ቁርጥራጭ ተሸፈነ። ቀይ ይዞ ያልወጣ ሰው ምን እንዳስገባ ታወቀ ማለት ነው። ቅርጫቱም ባዶ ነው፤ አንዲት ወረቀት ቢገባበት ለብቻዋ ታስታውቃለች። ታዛቢዎቹ እየሳቁ ያያሉ፤ ጭፈራ መሰላቸው።

መምህር ምብራቕ ይህን ሲያዩ ጥፍራቸው ጥርሳቸው ላይ ሄደ። ቀጭ፣ ቀጭ። ግን ኃላፊዋ እሳቸው አይደሉም፤ ማን ይስማቸው?

ተራቸው ደረሰና ገቡ። ኣልጋነሽ መርጣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሰውም ተሰበሰበ።  ወጡ። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል።

“መምህር” አለች ኣልጋነሽ። አልጮኸችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። “ኣርእዪና። ቀዩን ያሳዩንና ይቅር እንባባል። በእግዚአብሔር፣ እኔ ጠላቴ እንዲሆኑ አልፈልግም። ያሳዩን!”

“ያሳዩን!” አለ ሰው።

እጃቸውን ቢከፍቱ፣ አንድ ጊዜ፣ በቃ! ስማቸው ይመለሳል፣ ሰላምታው ይመለሳል፣ እኔም ከጭንቀት እገላገላለሁ። በልቤ፣ ‘ይክፈቱት መምህር፣ ይክፈቱት’ እል ነበር። እሳቸው ኣልጋነሽን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው፣ ለመግባት አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ ያሳረፉትን ኣቦይ ወልዱን አዩ። ሽማግሌው ግንባራቸው በላብ ርሷል።

መምህር ጡጫቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ቀለሙን ማንም ሳያይ ወረቀቱን ጎረሱት። አኘኩት። የአሥመራ ሕዝብ እያየ፣ ፈረንጅ ታዛቢ እያየ፣ እኚያ የተከበሩ መምህር እንደ ፍየል ወረቀት አኘኩ። አንገታቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዋጡት።

“ኪዳነ ምሕረት!” አለች አንዲት ሴት። 

ኣቦይ ወልዱ ገቡ። ውስጥ ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነው፤ አንድ ጉንጫቸው ግን እንደ ሎሚ አብጧል። ጥርስ የለ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ እንዴት ይታኘክ? ከወዲህ ወዲያ ያገላብጡታል፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ጉንጫቸው ይወጣል ይገባል። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ በሩን የምትጠብቀው ታጋይ ልጅ ሳቀች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ። ታጋይዋ ከወገቧ ኮዳዋን ፈትታ ውሃ ሰጠቻቸው።

“ቀስ በል፣ ወልዱ” አሉ መምህር ምብራቕ። ለዚያ ሰው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው፣ እኔ እስከማውቀው። “አትቸኩል። ማንም አይነጥቅህም።”

ሽማግሌው ውሃውን እየጠጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ነበር ጉንጫቸው ውስጥ ያለው፣ ቀይ ነው ሰማያዊ? ኣልጋነሽ አፏን ከፈተች፤ ልትጠይቅ ነው ብዬ ፈራሁ። አልጠየቀችም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በነጸላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም። መምህር ምብራቕ አጠገቧ ተቀመጡ። 

“ቀጺሉ!” አለች ታጋይዋ። ተራዬ ነበር።

ገባሁ። መጋረጃው ከኋላዬ ተዘጋ። ሰማያዊ እንደማስገባ ከጠዋት ጀምሮ፣ ኧረ ከዓመታት ጀምሮ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን፣ ልጄም ባሌም ከእኔ የሚጠብቁትን አድርጌ፣ ቀዩን እያውለበለብኩ ልወጣ ነበር። አሁን ግን ሁለቱን ወረቀቶች ግራና ቀኝ ይዤ ቆምኩ። የሚያየኝ የለም። የሚጠይቀኝም የለም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሁለቱንም አነበብኳቸው፣ አንድ በአንድ።